ዘፋኙን አወቅነው፤ መቺውስ ማነው?

ባለፈው ሰሞን በመኝታ ቤታችን አንድ ክርክር ተነሥቶ ነበር። አንዱ ጓደኛችን ሄቪ ሜታል የተባለውን የጊታር ሙዚቃ ከፍ አድርጎ ሲያሰማ፥ ሌላው ተቈጥቶ «ይህ ጩኸት እንጂ ሙዚቃ አይደለም፤ የባዕድ ነገር ነው፤ ዝጋልን» አለው። ሦስተኛው ደግሞ ከአልጋው ላይ እንደ ተጋደመ «ተወው ባክህ፥ ከአዝማሪ መሰንቆ ይሻላል» ብሎ ሳቀ። ነገሩ በሳቅ አለፈ። እኛ ግን ቈይተን ስናስበው በሁለቱም ንግግር ውስጥ አንድ ዓይነት ንቀት ተደብቆ አገኘን። አንደኛው የሩቁን መቺ ሰይጣን ያደርገዋል፤ ሌላው የቅርቡን መቺ መሳቂያ ያደርገዋል። ሁለቱም ግን መቺውን አያውቁትም።

ስለዚህ በማግሥቱ አንድ ጥያቄ ይዘን ወጣን። «ኧረ መላ መላ» የሚለውን የማሕሙድ አሕመድን ዘፈን ሰምቶ የማያውቅ በግቢያችን ውስጥ ይኖራል ብለን አናምንም። ያገኘናቸውን ጓደኞቻችንን «በዚያ ዘፈን ላይ ጊታሩን የመታው ማነው?» እያልን ጠየቅን። አንዱ ትከሻውን ነቀነቀ፤ አንዱ «ምን ያደርግላችኋል?» አለ፤ አንዱ ደግሞ «ማሕሙድ ራሱ ይሆናላ!» ሲል መለሰልን። የሚያውቅ አላገኘንም። እኛም ብንሆን ያወቅነው ፈልገን ነው እንጂ ያስተማረን ኖሮ አይደለም። ይህች አነስተኛ ጽሑፍ የተጻፈችበት ምክንያት ይኸው ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች፥ ለይተን ካላመለከትን በቀር፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ ተከሳሹ ስለ ሄቪ ሜታል ጥቂት እንበል። ይህ ሙዚቃ የተወለደው በባለጠጎች እልፍኝ አይደለም፤ በእንግሊዝ አገር በርሚንግሃም በምትባል የፋብሪካ ከተማ ነው። ቶኒ አዮሚ የሚባል በ1948 የተወለደ ወጣት በብረታ ብረት ፋብሪካ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። ዕድሜው አሥራ ሰባት ዓመት ሲሆን፥ ሥራውን ሊለቅ በተነሣበት በመጨረሻው ቀን፥ የብረት መጫኛው መኪና የቀኝ እጁን የሁለት ጣቶች ጫፍ ቈረጠበት። ልጁ ግራኝ ስለ ሆነ እነዚያ ጣቶች የጊታሩን አውታር የሚጫንባቸው ነበሩ። ተስፋ ቈርጦ በተቀመጠ ጊዜ የፋብሪካው አለቃ አንድ ሸክላ አምጥቶ አሰማው። የጃንጎ ሬይንሃርት ሸክላ ነበር። ጃንጎ በ1928 በእሳት አደጋ ከግራ እጁ ሁለት ጣቶች ከጥቅም ውጭ ሆነውበት፥ በቀሩት ዓለምን ያስደነቀ ጊታር መቺ ነው።

አዮሚ ይህን ከሰማ በኋላ የፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ የጣት ጫፍ አበጀ፤ በላዩም ቆዳ ለበጠበት። ጣቱ እንዳይታመም ቀጫጭን አውታር መረጠ፤ ኋላም አውታሩን አላላው። አውታሩ ሲላላ ድምፁ ወፍራምና ከባድ ሆነ። ጓደኞቹን ይዞ ብላክ ሳባት የተባለውን ባንድ አቆመ፤ የመጀመሪያው አልበማቸው በየካቲት ወር 1970 ወጣ። ዛሬ ሄቪ ሜታል የሚባለው ዘር መነሻው ይህ ነው ተብሎ በሰፊው ይነገራል። እንግዲህ ጓደኛችን «ጩኸት» ያለው ድምፅ አንድ የተጐዳ ሠራተኛ ከጉዳቱ ያወጣው ድምፅ ነው። ጆሮው ባይወደው መብቱ ነው፤ ከመናቁ በፊት ግን ማን እንደ ሠራው ማወቅ ይገባዋል።

ከዚህ ታሪክ ለእኛ የሚሆን አንድ ቁም ነገር አለ። የባንዱ ዘፋኝ ኦዚ ኦዝበርን በሐምሌ 2025 በሞተ ጊዜ ዓለም አለቀሰለት፤ ሆኖም ስለዚያ ባንድ ሲወራ የአዮሚን ስም ሳይጠራ የሚያልፍ ሰው የለም። በዚያ ሙዚቃ ዘፋኙና መቺው ጐን ለጐን ይቆማሉ። ወጣቶቹም የጊታር መቺዎችን ስም እንደ ኳስ ተጫዋቾች ስም በቃላቸው ያውቃሉ። በእኛ ዘንድስ?

ወደ አገራችን እንመለስ። እኛ በሰሜን ተራሮች ግርጌ የምንኖር ሰዎች ዋልያን እናውቃለን። ከእነዚህ ተራሮች በቀር በዱር የሚኖርበት ሌላ ስፍራ በዓለም ላይ የለም። ይህ የእኛ እንስሳ በአዲስ አበባ ለሁለት ታላላቅ ባንዶች መጠሪያ ሆኗል። አንዱ ዋልያስ ባንድ ነው፤ ሌላው ደግሞ በፈረንጅ ስሙ አይቤክስ የተባለው ባንድ ነው። «ኧረ መላ መላ»ን ከማሕሙድ ጋራ በ1975 በካይፋ ሸክላ ያስቀረጸው ይህ አይቤክስ ባንድ ነው። በባንዱ ውስጥ ባስ ጊታር የሚመታው ጆቫኒ ሪኮ፥ ሳክስፎን የሚነፋው ፈቃደ አምደመስቀል ነበሩ። ሊድ ጊታር የሚመታው፥ ማለት ጓደኞቻችንን የጠየቅንበት ሰው፥ ሰላም ሥዩም ወልደማርያም ይባላል።

ስሙን ደግመን እንጻፈው፤ ሰላም ሥዩም ወልደማርያም።

ይህ ሰው ሄቪ ሜታል መቺ ነው አንልም። ነገር ግን አዮሚ በበርሚንግሃም ጊታሩን ባከበደበት ዘመን፥ ያንኑ የኤሌክትሪክ ጊታር ይዞ ወደ ኢትዮጵያ ዘፈን ከገቡት ሰዎች አንዱና ዋናው ነው። «ኧረ መላ መላ»ን ዘፋኙን ትታችሁ ጊታሩን ብቻ ተከትላችሁ ስሙ። አንድ አጭር ሐረግ ይይዛል፥ ይደጋግመዋል፥ ጥቂት ይለውጠዋል፥ ደግሞ ይመለስበታል። ክራር የሚደረድር ሰው ከዘፈኑ ሥር ሆኖ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ፈረንጅ የሠራው መሣሪያ ነው፤ አነጋገሩ ግን የእኛ ነው።

እንዴት ሊሆን ቻለ ብንል ምክንያት አለው። ቅኝቶቻችን፥ ትዝታም ባቲም አምባሰልም አንቺ ሆዬም፥ በአምስት በአምስት ድምፅ የቆሙ ናቸው። የሮክና የሄቪ ሜታል ጊታርም ከጥቁር አሜሪካውያን ብሉዝ የወረሰው የአምስት ድምፅ መሰላል አለው። ሁለቱ አንድ ናቸው ማለታችን አይደለም፤ ድምፆቹ የተራራቁበት ልክ እንደየቅኝቱ ይለያያል። ዳሩ ግን አንዱ ለሌላው ፍጹም ባዕድ አይደለም። ጓደኛችን «የባዕድ ነገር» ያለው ጊታር በሠለጠነ እጅ ላይ ሲወድቅ ባቲን ይናገራል።

የባዕድነቱ ነገር ከተነሣ ደግሞ ይህን እናስታውስ። ጥሩምባና የነሐስ መሣሪያዎች ወደ ቤተ መንግሥት የገቡት ከ1896 ከዐድዋ ድል በኋላ የሩሲያ ንጉሥ በላከው ስጦታ ነው። በ1924 ልዑል አልጋ ወራሽ ተፈሪ አርባ የአርመን ልጆችን ከኢየሩሳሌም አስመጥተው የቤተ መንግሥት የሙዚቃ ጓድ አቆሙ፤ መሪያቸውም ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። ዛሬ ሳክስፎን በሠርግ ቤት ሲነፋ «የባዕድ ነው» የሚል የለም። አንድ መሣሪያ የማን ነው የሚለው ጥያቄ የሚወሰነው በተሠራበት አገር ብቻ አይደለም፤ በላዩ ላይ በሚነገረው ቋንቋም ነው።

ሰላም ሥዩም ይህን ታሪክ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ምክንያቱም እንደ እኛው የዩኒቨርስቲ ተማሪ ነበረ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ታሪክ ተምሯል፤ የዘመናዊ ሙዚቃን አመጣጥና እድገት ከ1896 እስከ 1974 የሚመረምር ጥናትም ጽፏል። ማታ ማታ በእጁ የሚሠራውን ሥራ ቀን በብዕሩ መረመረው ማለት ነው። እኛ ይህን ባወቅን ጊዜ አፍረናል። በመካከላችን «ወይ ትምህርት ወይ ሙዚቃ» የሚል ፈሊጥ ስለ ተለመደ፥ ጊታር ወይም ክራር ያነሣ ተማሪ ሁሉ ከትምህርቱ የሸሸ ሰነፍ ይመስለን ነበር።

የሥራው ዘመን ደግሞ ቀላል ዘመን አልነበረም። ከ1974 በኋላ በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ ታውጆ ነበር። ሰው በሌሊት መንገድ ላይ መታየት ስለማይፈቀድለት፥ ሊጨፍር የወጣው በሆቴሉ በር ተዘግቶበት እስኪነጋ እዚያው ያድር ነበር። ባንዶቹም አብረውት ያድራሉ። በእንዲህ ያለ ሁናቴ ሌሊቱን ሙሉ የመታ እጅ እንዴት እንደሚደክም አስቡት። አይቤክስ ኋላ ሮሃ ባንድ ሆነ፤ ስሙም የላሊበላ የጥንት ስም ነው። በሰማንያዎቹ የካሴት ዘመን ስመ ጥር ዘፋኞች ካሴት ሲያወጡ አጃቢው በአብዛኛው ሮሃ ባንድ ነበር። የወላጆቻችን ወጣትነት ያለፈው በዚያ ጊታር ድምፅ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ሆኖም እቤታችሁ የቀረ አሮጌ ካሴት ካለ ሽፋኑን ተመልከቱ። የዘፋኙ ፎቶግራፍ በትልቁ አለ። የዘፋኙ ስም በደማቅ ቀለም አለ። የባንዱ ስም ከሥር በትንሹ ቢጻፍም፥ የየመቺዎቹን ስም ግን አብዛኛውን ጊዜ አታገኙትም። የሚገርመው ነገር አይቤክስ ባንድ በ1976 በራስ ሆቴል አዳራሽ ዘፋኝ የሌለበት፥ መሣሪያ ብቻ የሚሰማበት አልበም አስቀርጾ ነበር። ያ ሥራ እንደ ገና ታትሞ ለሰፊው አድማጭ የቀረበው በ2024 ነው፤ ከአርባ ስምንት ዓመት በኋላ! «ኧረ መላ መላ»ም ቢሆን በ1986 በቤልጅግ አገር እንደ ገና ታትሞ ፈረንጅ «ይህ ምንድር ነው?» ሲል ነው እኛም ዘወር ብለን ያየነው። የራሳችንን እጅ ሌላ ሰው እስኪያሳየን መጠበቅ እስከ መቼ ነው?

የጊታር ነገር በዚያ አልቆመም። በ2012 ጃኖ ባንድ «ኤርታሌ» የተባለውን አልበም፥ ቢል ላስዌል በሚባል አሜሪካዊ አቀናባሪ እየተረዳ ሲያወጣ፥ የከበደ የሮክ ጊታር ከአማርኛ ዘፈን ጋራ ሲቀላቀል ሰማን። የወደደው አለ፤ ያልወደደውም አለ። ቢሆንም ቀሚሱን ጃኖ ብሎ የሰየመ ባንድ አገሩን የካደ ነው ብሎ መፍረድ ይከብዳል።

አሁን ደግሞ ከሊድ ጊታር ወደ አንድ አውታር እንውረድ፤ ነገራችን በእርግጥ የሚመለከተን እዚህ ላይ ነውና። ከጐንደር ተነሥታችሁ በዳባት በኩል ወደ ደባርቅ ስትመጡ፥ በሠርግም በክርስትናም በጠጅ ቤትም መሰንቆ የሚመታ ሰው አታጡም። መሰንቆ ምን እንዳለው እናውቃለን፤ አራት ማዕዘን የሆነ የእንጨት ሣጥን፥ ቆዳ የተወጠረበት፥ ረጅም አንገት፥ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ አውታር፥ አንድ ደጋን። መቺው አውታሩን በጣቶቹ እየነካ፥ እንጨቱ ላይ ሳይጫነው፥ ድምፁን በጆሮው ብቻ ያገኘዋል። ምልክት የሚሆነው መስመር የለም። ጊታር የሚማር ጓደኛችን ይህን ሞክሮ ሲያቅተው «እንዴት ያውቁታል?» ብሎ ጠይቆናል። እንግዲህ ይህን የሚያውቀውን ሰው ነው «አዝማሪ» ብለን ለስድብ የምናደርገው።

ባለፈው ዓመት በአንድ ከተማ በተዘጋጀ ምሽት ላይ ተገኝተን ነበር። ከገጠር የመጡ አንድ ሸምገል ያሉ መሰንቆ መቺ ነበሩ። አንድ ወጣት ዘፋኝን ለሰዓት ያህል አጀቡ። የዝግጅቱ መሪ ዘፋኙን በስም ጠርቶ አስጨበጨበ፤ ስለ እሳቸው ግን «ባህላዊ ሙዚቃችን» ብቻ አለ። በታደለው ወረቀት ላይም «ባህላዊ ሙዚቃ» ተብሎ ተጽፏል። ራት ሲቀርብ እሳቸው በጓሮ በር በኩል ቆመው አየናቸው። ጠጋ ብለን፥ «አባታችን፥ ስምዎን ይንገሩን?» አልናቸው። እሳቸውም ደጋኑን በጋቢያቸው እየጠቀለሉ፥ «ስሜን ምን ልታደርጉት ልጆቼ? እኛን ለሠርግ ይጠሩናል እንጂ ለመዝገብ አይጠሩንም» አሉን። ቢሆንም ነገሩን። ፈቃዳቸውን ሳንጠይቅ በዚህ ጋዜጣ ላይ አናወጣውም፤ በደብተራችን የመጀመሪያ ገጽ ላይ ግን ተጽፏል። ከማን እንደ ተማሩም ጠየቅናቸው። ከአባታቸው፥ አባታቸውም ከአባታቸው። «ልጅዎስ?» ስንላቸው ዝም አሉ። ቈይተው፥ «ልጄ ትምህርት ቤት ሲገባ የአዝማሪ ልጅ ብለው ሳቁበት፤ መሰንቆ አልነካም አለ» አሉን።

አንባብያን ሆይ፥ ነገሩ ይህ ነው። አንድ ሙያ የሚጠፋው ፈረንጅ ጊታር ስለ ላከ አይደለም። በትምህርት ቤት ደጃፍ አንድ ልጅ ስለ ሣቀ ነው። የሣቀውም ልጅ ዛሬ ምናልባት ከእኛ ጋራ በአንድ መኝታ ቤት ይተኛ ይሆናል።

በሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ ጠባቂዎች ዋልያን እየዞሩ ይቈጥራሉ። ተራሮቹ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል፤ ከ1996 እስከ 2017ም በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ቈይተው ወጥተዋል። ዋልያ መቈጠሩ ተገቢ ነው፤ እንዲያውም ሳይታክቱ ይቊጠሩልን። ታዲያ በዚሁ ተራራ ግርጌ መሰንቆ መቺ ስንት ቀረ ብሎ የጠየቀ ማነው? የእንስሳው ስም በአዲስ አበባ ባንድ ሆኖ ሲደምቅ፥ በአገሩ ያለው ባለሙያ ስም እንኳ አጣ። ሸክላ ሠሪ በገል ይበላል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

አንዳንድ ሰዎች «አገር በችግር ላይ ሳለ ስለ ጊታርና መሰንቆ ማውራት ቅንጦት ነው» ይሉን ይሆናል። ይህን ኀሳብ አንንቀውም። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ በእኛ አቈጣጠር ጦርነቱ እስከ ዳባትና ደባርቅ አጠገብ በመጣ ጊዜ ስንት ቤት እንደ ተዘጋ እናውቃለን። ነገር ግን ሰው በኀዘኑም በደስታውም ጊዜ ያለ ዜማ ኖሮ አያውቅም። ሙሾ የሚወጣው በችግር ቀን ነው። ችግር ሲመጣ የምንጠራውን ሰው፥ ችግር ሲያልፍ መርሳት ነው ቅንጦት።

ሌሎችም «ስም መጻፍ ምን ያመጣል? ገንዘብ ነው የሚያስፈልጋቸው» ይላሉ። ገንዘብ ማስፈለጉ እውነት ነው። ዳሩ ግን ስም የሌለው ሰው ደመወዙን በምን ይጠይቃል? ዘፈኑ በራዲዮና በስልክ ሲሠራጭ ድርሻዬ የት አለ የሚለው፥ መጀመሪያ እጁ በሥራው ላይ እንዳለ የሚመሰክር ወረቀት ሲኖር ነው። ስም የክብር ጌጥ ብቻ አይደለም፤ የእንጀራ ማስረጃም ነው።

ስለዚህ ለተማሪዎች ኅብረታችንና ለመምህራኖቻችን ሦስት ነገር እናሳስባለን። እነዚህም ገንዘብ የሚጠይቁት ጥቂት፥ ፈቃድ የሚጠይቁት ብዙ ናቸው።

፩ኛ/ በግቢያችን በሚደረግ ማናቸውም የሙዚቃ ምሽት፥ በፕሮግራሙ ወረቀት ላይ ከዘፋኙ ስም ቀጥሎ የመቺዎቹ ስም ሁሉ ይጻፍ፤ መድረክ መሪውም ይጥራቸው። ከውጭ የሚጋበዙ ባለሙያዎች የመሳፈሪያቸው ገንዘብ ይከፈላቸው፤ ከእንግዶቹም ጋራ በአንድ ገበታ ይቅረቡ።

፪ኛ/ ለዕረፍት ወደየአገሩ የሚሄድ ተማሪ ሁሉ፥ ዳባትም ይሁን ወቅን፥ ጃናሞራም ይሁን አዲአርቃይ፥ በሠፈሩ ካለ መሰንቆ ወይም ክራር መቺ ጋራ አንድ ቀን ይቀመጥ። ስማቸውን፥ ከማን እንደ ተማሩ፥ የትኛውን ቅኝት በየትኛው በዓል እንደሚመቱ በፈቃዳቸው ይጻፍ፤ በስልኩም ይቅረጽ። ለሰጡት ጊዜ የሚገባቸውን ይክፈል። የተሰበሰበው በቤተ መጻሕፍታችን ይቀመጥ። የታሪክና የቋንቋ መምህራኖቻችን ይህን ሥራ ቢመሩት፥ ከሰላም ሥዩም ጥናት በኋላ የሚጻፈው ቀጣዩ ምዕራፍ ከዚህ ከተራራው ግርጌ ይወጣል ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

፫ኛ/ ጊታር የሚወዱና መሰንቆ የሚወዱ ተማሪዎች በየፊናቸው ከሚነቃቀፉ በአንድ ክፍል ይሰብሰቡ። ለልምምድ የሚሆን አንድ ባዶ ክፍል በሳምንት ሁለት ማታ ቢፈቀድላቸው ይበቃል። ሄቪ ሜታል የሚወደው ጓደኛችን አውታሩን አላልቶ ይምጣ፤ መሰንቆ የሚመታውም ደጋኑን ይዞ ይምጣ። ሰላም ሥዩም ያደረገው ይህንኑ ነበር።

በመጨረሻም ስለዚያ መኝታ ቤት ክርክር አንድ ነገር እንጨምር። ይህን ጽሑፍ አስቀድመን ለሦስቱም ጓደኞቻችን አንብበንላቸው ነበር። «ጩኸት ነው» ያለው አሁንም አልወደደውም፤ የአዮሚን የጣት ነገር ግን ሁለት ጊዜ አስነገረን። መሰንቆውን ያናናቀው ዝም ብሎ ቈየና፥ «የእኔም አያት ይመቱ ነበር፤ ለማንም ተናግሬ አላውቅም» አለን።

ወደ ቤቱ በሚሄድበት ጊዜ የአያቱን ስም ጽፎ እንዲያመጣልን ነግረነዋል። ሌሎቻችሁም እንዲሁ አድርጉ። በዚህ ኀሳብ የሚቃወመን ካለ ብዕሩን ያንሣ፤ በሚመጣው እትም በደስታ እናነበዋለን።